ኳርተርባኩ ከተገኘ በኋላ ማን ይቅደም?

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወላጆችና ልጆቻቸው የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ርዕስ የመረጣችሁልኝ ወጣቶች፤

ኖቬምበር 22 ቀን 2020፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው የላንዶቨር ስታዲየም፣ የሲንሲናቲ ቤንጋልስ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የመጀመሪያ ዓመት ኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች፣ ጆ በሮው ኳሱን ሲወረውር የዋሽንግተን ተከላካዮች ደረሱበት። መሬት የረገጠው ግራ እግሩ ሳይነሣ ጉልበቱ ተጣመመ፤ ከሜዳው የወጣውም በተሽከርካሪ ተጭኖ ነው። በዚያ ዓመት በተሰለፈባቸው አሥር ጨዋታዎች ኳሱን ከእጁ ሳያወጣ 32 ጊዜ መሬት ላይ ተጥሏል። ልጁ በዚያው ዓመት ጸደይ ከአገሪቱ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ ቀድሞ የተመረጠና አንድ ከተማ ሙሉ ተስፋዋን የጣለችበት ነበር።

ከዚያ ጉዳት አምስት ወር በኋላ ቤንጋልስ እንደገና የመምረጥ ተራ ደረሳቸውና ሁለት ወጣቶች ፊታቸው ላይ ቆሙ። አንደኛው ኳርተርባኩን ከአደጋ የሚከልል ግዙፍ የመስመር ተጫዋች ነው። ሁለተኛው ኳርተርባኩ የሚወረውረውን ኳስ ሮጦ የሚቀልብ ፈጣን ተቀባይ ነው። ልጆቻችን ሳሎን ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚከራከሩበት ጉዳይ ይኸው ነው። ዛሬ ክርክሩን በሁለቱም ወገን አቀርባለሁ፤ የራሴን አቋም ግን ከወዲሁ ብናገር ይሻላል። አንድ ቡድን አስተማማኝ ኳርተርባክ ካገኘ በኋላ በመጀመሪያ ሊመርጥ የሚገባው ያንን የመስመር ተጫዋች፣ ታክል የሚባለውን ነው ብዬ አምናለሁ።

ለወላጆች ስል ጥቂት መሠረታዊ ነገር ላስቀድም። ድራፍት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቢራ ነው። እዚህ ግን ቃሉ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ 32 ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች በየዓመቱ በተራ የሚከፋፈሉበትን ሥርዓት ያመለክታል። ምርጫው ሰባት ዙር ሲኖረው ባለፈው የውድድር ዘመን በመጨረሻ ደረጃ ላይ የጨረሰው ቡድን አንደኛ ይመርጣል፤ ዋንጫ የወሰደውም መጨረሻ ላይ ይሰለፋል። እኛ ያደግንበት እግር ኳስ እንዲህ አይደለም፤ ጎበዝ ልጅ ሲወጣ ገንዘብ ያለው ክለብ ይወስደዋል፣ ደካማው ክለብም ሌላ እስኪያፈራ ይጠብቃል። የአሜሪካው ሥርዓት የመነጨው የፊላዴልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበሩት በርት ቤል በ1935 ካቀረቡት ሐሳብ ነው። ቡድናቸው ያለማቋረጥ ይሸነፍ ነበር፤ ጎበዞቹም ሁልጊዜ ወደ ጠንካሮቹ ቡድኖች እየሄዱ አስቸግረዋቸው ነበር። የመጀመሪያው ድራፍት በፌብሩዋሪ 1936 ፊላዴልፊያ ውስጥ ሲካሄድ ዘጠኝ ቡድኖች ተገኙ። አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር ግን በሊጉ አንድም ቀን ሳይጫወት ቀረ። አንደኛው ምርጫ ዋስትና እንዳልሆነ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ የታየ ነገር ነው።

ክርክሩን ከስሜት አውጥቶ ወደ ሒሳብ ያስገባው ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ የተፈራረሙት የ2011ዱ የሠራተኛ ስምምነት ነው። ከዚያ በፊት አዲስ ተመራጮች ደመወዛቸውን እንደ ልባቸው ይደራደሩ ነበር። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ ለስድስት ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በማግሥቱ ዓመት አንደኛ የወጣው ካም ኒውተን ግን ለአራት ዓመት ያገኘው 22 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የተመራጩ ደመወዝ የሚወሰነው በተራ ቁጥሩ ሆነ፤ ኳርተርባክ ይሁን የመስመር ተጫዋች ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ አንደኛው ዙር ማለት አንድን ብርቱ ሰው ለአራት ዓመት፣ ቡድኑ ከፈለገም ለአምስተኛ ዓመት፣ ከገበያ ዋጋው እጅግ ባነሰ ክፍያ ማሠራት ማለት ነው። "የትኛውን ቦታ እናስቀድም?" የሚለው ጥያቄ ክብደት ያገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ የተረፈው ገንዘብ ሌላ ተጫዋች ይገዛልና።

በኳርተርባኩ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልገኝም። ከ2015 እስከ 2025 ድረስ አንደኛ ከተመረጡት አሥራ አንድ ተጫዋቾች ዘጠኙ ኳርተርባኮች ሲሆኑ ሁለቱ ኳርተርባክ የሚያሳድዱ ተከላካዮች ናቸው። እያንዳንዱ የማጥቃት እንቅስቃሴ በኳርተርባኩ እጅ ስለሚያልፍ ጎበዝ ኳርተርባክ የሌለው ቡድን በሌላው ቦታ ሁሉ ቢደረጅም ሩቅ አይሄድም። ቢሆንም ቦታው አስፈላጊ ስለሆነ ብቻ ማንኛውንም ኳርተርባክ መውሰድ ቡድንን ለዓመታት ያሽመደምዳል። በ2007 ኦክላንድ ሬይደርስ አንደኛ አድርጎ የመረጠው ጃማርከስ ረስል ከሦስት የውድድር ዘመን በኋላ ከሊጉ ወጥቶ አልተመለሰም። ከእርሱ ቀጥለው ሁለተኛና ሦስተኛ የተመረጡት ተቀባዩ ካልቪን ጆንሰንና ታክሉ ጆ ቶማስ ግን ሁለቱም የስፖርቱ ታላላቆች ወደሚከበሩበት ዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል። ወደ ቶማስ በኋላ እመለሳለሁ፤ ለእኔ አቋም ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከእርሱ ሕይወት የሚነሣ ነውና።

አሁን ታክል የሚባለው ሰው ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ብዙ ተመልካች ዓይኑ ኳሱን ስለሚከተል ይህን ሰው አያየውም። በሚቀጥለው እሑድ ልጆቻችሁ አጠገብ ስትቀመጡ ኳሱን ተዉትና በአጥቂው መስመር ዳር የቆመውን ግዙፍ ሰው ብቻ ተመልከቱ። ኳሱ እንደተነሣ ፊቱን ወደ ባላጋራው አድርጎ ወደ ኋላ ይራመዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አጫጭር እርምጃ ይወስዳል፤ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ወገቡ ዝቅ ብሎ፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ተዘጋጅተው ነው። ከፊቱ 120 ኪሎ የሚመዝንና እንደ አጭር ርቀት ሯጭ የሚወነጨፍ ሰው እየመጣ ነው። ታክሉ እጁን ቀድሞ ከዘረጋ ያ ሰው ክንዱን ጠልፎ ያልፈዋል፤ ከዘገየ ደግሞ ደረቱን ተገፍቶ በራሱ ኳርተርባክ ላይ ይወድቃል። ጠቅላላው ትግል የሚፈጀው ሁለት ሰከንድ ተኩል ወይም ሦስት ሰከንድ ነው። ይህንንም በአንድ ጨዋታ ሠላሳና አርባ ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ሠላሳ ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ከተሸነፈ ስሙ የሚጠራው በዚያች በአንዷ ነው።

በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ሲዘጋጅ ጀርባውን ወደ ግራ ስለሚሰጥ በዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም። የዚህን ከተማ ነባር ነዋሪዎች ኖቬምበር 18 ቀን 1985 በአርኤፍኬ ስታዲየም የሆነውን ብትጠይቋቸው ፊታቸው ሲለወጥ ታያላችሁ። የኒው ዮርክ ጃያንትሱ ሎውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይዝማንን ሲጥለው እግሩ ተሰበረ፤ ታይዝማንም ዳግመኛ አልተጫወተም። ቴይለርን የመሰለ አሳዳጅ በሊጉ ከታየ ወዲህ የመስመር ዳር ተጫዋች ዋጋ እየናረ መጣ። ቴይለር ራሱ በ1981 የተመረጠው ሁለተኛ ነው። ኒው ኦርሊንስ ሴንትስ በአንደኛ ተራቸው ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ጆርጅ ሮጀርስን አስቀደሙ፤ እርሱም በመጀመሪያ ዓመቱ 1,674 ያርድ (አንዱ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል) ሮጦ ሊጉን መራ፣ ቡድኑ ግን አራት አሸንፎ አሥራ ሁለት ተሸነፈ። ሯጭን ማስቀደም ዛሬ ከክርክሩ ወጥቷል ማለት ይቻላል። አንደኛ ሆኖ የተመረጠው የመጨረሻው ሯጭ በ1995 ኪ-ጃና ካርተር ነበር፤ የመረጡትም እነዚሁ ቤንጋልስ ናቸው። ለዝግጅት በተደረገ የመጀመሪያ ጨዋታው ኳሱን ለሦስተኛ ጊዜ እንደያዘ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ።

ወደ 2021 ድራፍት እንመለስ። ኤፕሪል 29 ቀን ክሊቭላንድ ውስጥ ሦስት ኳርተርባኮች በተከታታይ ተመረጡ፤ አራተኛው ካይል ፒትስ ሆነ፤ አምስተኛው ተራ የቤንጋልስ ነበር። ከፊታቸው የኦሪገኑ ታክል ፔኔይ ሱዌል አለ፤ 150 ኪሎ የሚመዝን፣ ገና ሃያ ዓመቱ የሆነ የአሜሪካን ሳሞዋ ተወላጅ። ከጎኑ ደግሞ በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) ከጆ በሮው ጋር አብሮ የተጫወተው ተቀባይ ጃማር ቼዝ አለ። ቤንጋልስ ቼዝን መረጡ። ያለ ምክንያት አላደረጉትም፤ በ2019 በአንደኛው ዙር የመረጡት ጆና ዊሊያምስ በግራ በኩል ነበር፣ በቀኝ በኩልም ልምድ ያለውን ራይሊ ሪፍን ለአንድ ዓመት አስፈርመው ነበር። በተቀባይ በኩልም ቢሆን እጃቸው ባዶ አልነበረም፤ ከዓመት በፊት 33ኛ ሆኖ የተመረጠው ቲ ሂጊንስ አለ፣ ታይለር ቦይድም አለ።

ቼዝ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,455 ያርድና 13 ታችዳውን (ኳሱን እስከ ባላጋራው የሜዳ ጫፍ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስመዘገበ፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂም ተባለ። ቤንጋልስ ከ31 ዓመት በኋላ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አሸነፉና የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ እስከሆነው ሱፐር ቦውል ደረሱ። የምርጫው ደጋፊዎች ክርክሩ እዚህ ላይ ተዘጋ ይላሉ። እኔ ግን ክርክሩ በሚገባ የሚጀመረው ከዚህ ነው እላለሁ፤ በሮው በዚያው መደበኛ የውድድር ዘመን 51 ጊዜ ተጥሏልና፣ ይህም ከሊጉ ኳርተርባኮች ሁሉ የበለጠ ነበር። በጥሎ ማለፉ ቴነሲን ባሸነፉበት ጨዋታ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ወደቀ። ራይሊ ሪፍ በዲሴምበር ቁርጭምጭሚቱን ስለተጎዳ የቀኙ ዳር የተተወው ለተተኪ ነበር።

የሱፐር ቦውሉን መጨረሻ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2022 ነው፤ ሎስ አንጀለስ ራምስ 23 ለ 20 እየመራ ነው፤ ቤንጋልስ አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራቸው ላይ ናቸው፣ ኳሱን ይዘው ለመቀጠል የቀራቸውም አንድ ያርድ ነው። ኳሱ ተነሣ። በሩቅ ቼዝ ተከላካዩን ጄለን ራምዚን ጥሎት አለፈ፤ ከፊቱ ሰው የለም፣ ክፍት ሜዳ ብቻ ነው። በሮው ግን ቀና ብሎ ሊያየው ጊዜ አላገኘም። አሮን ዶናልድ መስመሩን ሰብሮ ወገቡን ያዘው፣ አሽከረከረው፣ ኳሱም መሬት ላይ ወደቀ። በዚያ ጨዋታ በሮው ከዚያች ቅጽበት በፊት ሰባት ጊዜ ተጥሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሙከራ የተሸነፈው ከመሐል የቆመው ጋርድ እንጂ ታክሉ አይደለም፤ ሱዌል ቢኖር ኖሮ ዶናልድን ያስቆመው ነበር ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። እኔ በዚያ ምስል የማየው ሌላ ነገር ነው፤ በአምስተኛ ተራ የተመረጠው ተቀባይ የተጠየቀውን ሁሉ ፈጽሞ ብቻውን እየሮጠ ነበር፣ ሥራው ከንቱ የቀረውም አንድ ሰከንድ በማጣት ነው።

ሱዌልስ? ከሁለት ተራ በኋላ ሰባተኛ ሆኖ ዲትሮይት ላየንስ ወሰዱት። በምርጫ ክፍላቸው የነበሩት ሰዎች በደስታ ሲዘሉና ሲጮኹ የሚያሳየውን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ላየንስ በዚያ ዓመት ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸነፉ፤ በቀጣዩ ዓመት ዘጠኝ፣ በ2023 አሥራ ሁለት፣ በ2024 አሥራ አምስት። በ2023 የውድድር ዘመን ያገኙት የጥሎ ማለፍ ድል ከ32 ዓመት በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። ይህን ሁሉ ለሱዌል ብቻ መስጠት ማጋነን ነው። እኔን ያሳመነኝ በዚያው ድራፍት በኋለኛው ዙር የሆነው ነገር ነው።

ላየንስ በሰባተኛ ተራ ታክል ስለመረጡ ተቀባይ አላገኙም ነበር። በአራተኛው ዙር፣ 112ኛ ላይ፣ አሞን-ራ ሴንት ብራውን የሚባል ተቀባይ ወሰዱ። ዛሬ ሴንት ብራውን ከሊጉ ምርጥ ተቀባዮች አንዱ ነው። ቤንጋልስ በበኩላቸው በአምስተኛ ተራ ተቀባይ ስለመረጡ የመስመር ተጫዋች መፈለግ ነበረባቸው። በሁለተኛው ዙር፣ 46ኛ ላይ፣ ጃክሰን ካርማንን ወሰዱ፤ እርሱም ቋሚ ተሰላፊ ሳይሆን ከቡድኑ ተሰናበተ። እንግዲህ ጥያቄው "ቼዝ ይበልጣል ወይስ ሱዌል?" አይደለም፤ "ቼዝና ካርማን ይሻላሉ ወይስ ሱዌልና ሴንት ብራውን?" ነው። ወጣቶች ሆይ፣ በየቤቱ ስትከራከሩ ይህን እንድትይዙልኝ እለምናችኋለሁ። ከአንድ ቦታ የመጀመሪያውን ሰው ስትመርጡ የሌላውን ቦታ ሁለተኛ ሰው አብራችሁ መርጣችኋል። ጥሩ ተቀባይ በየዓመቱ በብዛት ይወጣል፤ በ2023 ራምስ በአምስተኛው ዙር 177ኛ ላይ የመረጡት ፑካ ናኩዋ በመጀመሪያ ዓመቱ 1,486 ያርድ አስመዝግቧል። ያን የሚያህል አካል ይዞ በፍጥነት ወደ ኋላ መራመድ የሚችል ሰው ግን ተፈጥሮ በብዛት አትሰጥም። በሰባተኛው ዙር የተገኘውና ከራግቢ የመጣው አውስትራሊያዊ ጆርዳን ማይላታ መኖሩን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ስሙ እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚጠራው እንዲህ ያለ ግኝት ብርቅ ስለሆነ ነው።

የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሪቻርድ ታለርና የጥናት ባልደረባው ኬድ ማሲ ድራፍቱን አጥንተው የደረሱበት ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል። አንድ ተጫዋች በራሱ ቦታ ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የመብለጥ ዕድሉ ሳንቲም ወርውሮ ከመወሰን በጥቂቱ ብቻ የተሻለ ነው። መራጮች "ይህ ልጅ ፈጽሞ አምሳያ የለውም" ሲሉ ከሚገባው በላይ በራሳቸው ይተማመናሉ ማለት ነው። በሰዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ያን ያህል የማናውቅ ከሆነ በቦታዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ማመዛዘን ይሻላል።

ተቃዋሚዎቼ የሚያነሡት ጠንካራ ነጥብ የገንዘቡ ነው። ሱዌል በ2024 ለአራት ዓመት 112 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ቼዝ በ2025 ለአራት ዓመት 161 ሚሊዮን። ገበያው ተቀባዩን አስበልጧልና በርካሽ የድራፍት ደመወዝ መያዝ የሚያዋጣው እርሱን ነው ይላሉ። ሒሳቡ ልክ ነው። የጎደለው፣ ዕቃው ገበያ ላይ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። በ2022 ብቻ ዳቫንቴ አዳምስ፣ ታይሪክ ሂልና ኤ ጄ ብራውን በልውውጥ ቡድን ቀይረዋል፤ ፊላዴልፊያ ለብራውን የከፈለው አንድ የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ነው። በ2019 ሂውስተን ታክሉን ላረሚ ተንሲልን ከማያሚ ለማምጣት ሁለት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጠ። ከዚህ በተቃራኒ በ2020 የኛው ዋሽንግተን ትሬንት ዊሊያምስን የሚያህል ታክል በአንድ የሦስተኛና በአንድ የአምስተኛ ዙር ምርጫ ለሳን ፍራንሲስኮ አሳልፎ ሰጥቷል፤ በእኔ ግምት ይህ ከተማ በዘመናችን ካያቸው ልውውጦች ይህን ያህል የሚያስቆጭ የለም። ቤንጋልስም ቢሆኑ ዕዳውን ከመክፈል አልዳኑም። በ2023 ለታክሉ ኦርላንዶ ብራውን ለአራት ዓመት 64 ሚሊዮን ዶላር ፈረሙ፣ በ2024 ደግሞ የመጀመሪያ ዙር ምርጫቸውን ለሌላ ታክል፣ ለአማሪየስ ሚምስ አዋሉት። በዚያው በ2024 ቼዝ በቅብብል፣ በያርድና በታችዳውን ሊጉን ሲመራ ቡድኑ ዘጠኝ አሸንፎ ስምንት ተሸንፎ ከጥሎ ማለፉ ውጪ ቀረ።

አሁን ወደ ጆ ቶማስ ልመለስ። ክሊቭላንድ ብራውንስ በ2007 ሦስተኛ አድርጎ መረጠው፤ እርሱም አንድም እንቅስቃሴ ሳያመልጠው 10,363 ጊዜ በተከታታይ ተሰለፈ። በዚህ ሁሉ ዘመን ቡድኑ አንድም ጊዜ ጥሎ ማለፍ አልገባም። ከእርሱ የተሻለ ታክል ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ይሁንና የሚጠብቀው ሰው አልነበረውም፣ ኳርተርባኮቹ በየዓመቱ ይለዋወጡ ነበርና። ይህን ታሪክ በክብር የማነሣው ለዚህ ነው፤ አቋሜን ሳያፈርሰው ወሰኑን ያሰምርልኛል። ታክል ይቅደም ስል ኳርተርባኩ ተገኝቶ ከሆነ ማለቴ ነው። ኳርተርባክ የሌለው ቡድን የታክሉን ድካም ያባክነዋል፣ ቶማስም በደረሰበት ነገር አላጠፋም።

ዋሽንግተን ይህን ቅደም ተከተል ተከትሏል። በ2024 ሁለተኛ ሆኖ የመረጠው ኳርተርባኩን ጄደን ዳኒየልስን ነው። ቡድኑም በዚያው ዓመት አሥራ ሁለት ጨዋታ አሸንፎ፣ ልጆቻችን ከተወለዱ ወዲህ አይተውት የማያውቁትን የኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ ማለትም ለሱፐር ቦውል የሚያሳልፈውን ጨዋታ፣ ተጫወተ። በ2025 ከሂውስተን ተንሲልን በልውውጥ አመጣ፤ በመጀመሪያው ዙር 29ኛ ተራው ሲደርስ ደግሞ የኦሪገኑን ታክል ጆሽ ኮነርሊን መረጠ። በዚያ ምሽት በብዙ ቤት ተቀባይ ወይም አሳዳጅ ይጠበቅ ስለነበር ቅሬታ ተሰምቷል። ታክል ከጉዳት ሁሉ አያድንም፤ ዳኒየልስም በ2025 ተጎድቶ ብዙ ጨዋታ አምልጦታል። እኔ ግን የኮነርሊ ስም ሲጠራ ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ፤ ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ የመጣው ከዓመታት በፊት በላንዶቨር ሜዳ ላይ ጉልበቱን ይዞ የተኛው ልጅ ነበር።